ዳኞች ሁለተኛ ያደረጓትን ሕዝቡ ለምን ዜሮ ሰጣት?

የዚህ ወር መልእክቶቻችሁ ግማሹ ስለ አንድ ሌሊት ነው። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ፍጻሜ ከስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ በቀጥታ ተላልፎ ነበር። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተጀምሮ ያለቀው ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ነው። ጎንደር ውስጥ እስከዚያ ሰዓት የሚያመሽ እኛ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ማራኪም አዘዞም አልተኛም። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሲያዛጉ የነበሩት እነማን እንደሆኑ አሁን ገባኝ።

አብዛኛው መልእክት ቁጣ ነው። ጥቂቱ ጥያቄ ነው። አንዱ ደግሞ ስድብ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ እሱንም አስገብቼዋለሁ።

«እትዬ፣ የምኖረው አዘዞ ነው። ዘፈኖቹን በሙሉ በስልኬ አየሁ። የዳኞች ነጥብ ሲነገርም ነበርኩ። ኦስትሪያ አንደኛ፣ ስዊዘርላንድ ሁለተኛ ነበሩ። ከዚያ መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ጠዋት ስሰማ ስዊዘርላንድ 10ኛ ወጥታለች። ሰው በአንድ ሌሊት ከሁለተኛ ወደ 10ኛ እንዴት ይወርዳል? የሆነ ነገር ተሠርቷል አይደል?»
መብራት የሄደበት፣ ከአዘዞ

እኛ ሰፈር መብራት ስለነበር ያመለጠህን ልንገርህ።

የዳኞች ነጥብ አገር በአገር ይነገራል። አንተም ያየኸው እሱን ነው። የሕዝቡ ነጥብ ግን ለእያንዳንዱ ዘፈን ተደምሮ በአንድ ጊዜ ይነገራል። የሚጀመረው ከዳኞች ትንሽ ነጥብ ካገኘው አገር ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ስዊዘርላንድ ተራዋን እስከ መጨረሻው ድረስ ጠበቀች። ከኋላዋ የቀረችው ኦስትሪያ ብቻ ነበረች።

የስዊዘርላንዷ ዘፋኝ ዞዊ ሜ ከዳኞች 214 ነጥብ ይዛ ተቀምጣለች። አዳራሹ የራሷ አገር አዳራሽ ነው። የሕዝቡ ነጥብ ተነገረ፤ ዜሮ። እናቴ «ስንት አሏት?» አለችኝ። «ዜሮ» አልኳት። «በገዛ ቤቷ? እንዲህ ያለ እንግዳ ነው የሚጠራ?» ብላ ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የኦስትሪያን ውጤት ያየችው በጋቢው ቀዳዳ ነው።

ያን ጊዜ እስራኤል በ357 ነጥብ እየመራች ነበር። የኦስትሪያው ጄጄ ከዳኞች 258 ነበረው። ለማለፍ 100 ነጥብ ይበቃዋል። 178 ሰጡት። 436 ነጥብ ይዞ አሸነፈ። የእህቴ ልጅ ጎረቤት እስኪነቃ ጮኸ።

አሁን ወደ ዜሮው። ማንም አልሰረቃትም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በፍጻሜው 26 ዘፈኖች ነበሩ። በእያንዳንዱ አገር ሕዝቡ የሰጠው ድምፅ ይቆጠርና ነጥብ የሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ አሥር ብቻ ናቸው። አንደኛው 12፣ ሁለተኛው 10፣ ከዚያ 8 ብሎ እስከ 1 ይወርዳል። የቀሩት 16 ዘፈኖች ከዚያ አገር ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። እንግዲህ አስበው። አንድ ዘፈን በሁሉም አገር 11ኛ ቢወጣ ድምሩ ዜሮ ነው። ብዙ መቶ ሺህ ሰው መርጦት ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ግን ዜሮ ነው።

ዳኛው ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። በባዝሉ ውድድር በየአገሩ አምስት የሙዚቃ ባለሙያዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ሁሉንም ዘፈን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ያስቀምጣሉ። የዞዊ ዘፈን ጸጥ ያለ የፈረንሳይኛ ዘፈን ነበር። ጭፈራ የለ፣ ርችት የለ፤ እሷና አንድ ካሜራ ብቻ። አምስት ባለሙያ ቁጭ ብሎ ሲሰማው «ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ያደርገዋል። ቤቱ የተቀመጠው ሰው ግን ደረጃ አያወጣም። ስልኩን የሚያነሳው ልቡን ለወሰደው ዘፈን ነው። «ሦስተኛ የወደድኩት» ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አላውቅም።

አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ። የአዝማሪው ግንባር ላይ የተለጠፈውን ብር ቆጥረህ ስንት ሰው እንደወደደው ልትናገር ትችላለህ? አትችልም። አንዱ ሞቅ ያለው በየግጥሙ እየተነሳ ይለጥፋል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ቅኔውን ከሁሉም በላይ ገብቷቸው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም ይላሉ። የዩሮቪዥንም የሕዝብ ድምፅ እንዲሁ ነው። በባዝሉ ውድድር አንድ ሰው እስከ 20 ጊዜ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። የሚለካው ስንት ሰው ወደደው የሚለው አይደለም። ስንት ሰው አብዝቶ ወደደው የሚለው ነው።

አንድ ቁጥር ላሳይህ። ጄጄ ከዳኞች ያገኘው 258 ነው። ስለ ቡና የዘፈነው የኢስቶኒያው ቶሚ ካሽ ከሕዝብ ያገኘውም ልክ 258 ነው። ከዳኞች ግን 98 ብቻ። ብሪታንያ ደግሞ ከዳኞች 88 አግኝታ ከሕዝብ እንደ ስዊዘርላንድ ዜሮ ነው የተሰጣት። የብሪታንያ ሰው እንኳ ለምዶታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዳኞቹ ነጥብ የሚሰጡት ቅዳሜ ባየነው ዝግጅት ላይ አይደለም። ዓርብ ማታ ሙሉ ልምምድ ይደረጋል፤ የሚዳኙት እሱን ነው። ዘፋኙ ዓርብ ድምፁ ሻክሮ ቅዳሜ ቢያንጸባርቅ ለዳኛው አልፏል። እኔ በዚህ ውድድር ላይ ቅሬታ ካለኝ እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡና ዳኛው ሁለት የተለያየ ምሽት አይተው ነጥባቸው ይደመራል። ይህን ትተን ስለ ሌብነት እናወራለን።

«ሕዝቡ ከመረጠ በኋላ ዳኛ ምን ያደርጋል? እስራኤል በሕዝብ ድምፅ አንደኛ ነበረች፤ ዋንጫውን ግን ኦስትሪያ ወሰደች። ይህ ዲሞክራሲ ነው?»
ከሳሙና በር

ዘፈን ውድድር ነው እንጂ ምርጫ ቦርድ አይደለም።

ቁጥሩ ያልከው ነው። የእስራኤሏ ዘፋኝ ዩቫል ራፋኤል ከሕዝብ 297 አገኘች፤ ከሁሉም በላይ። ከዳኞች 60። ድምሩ 357፣ ሁለተኛ። በዚያ ላይ የጋዛ ጦርነት አለ። ከአዳራሹ ውጭ ተቃውሞ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ሲደውል ስለ ዘፈን ብቻ እያሰበ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ከፍጻሜው በኋላ የስፔንን ጨምሮ አንዳንድ ጣቢያዎች ድምፁ እንዲመረመር ጠይቀዋል። አዘጋጁ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ቆጠራው ትክክል ነው ብሏል።

እኔ የማየው ግን ሕጉን ነው። በዚህ ውድድር የተቃውሞ ድምፅ የሚባል የለም። አንድን አገር የሚደግፍ ሰው ድምፁን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል። የሚቃወመው ሰው ድምፁን ለሌሎቹ 25 ዘፈኖች ይበትናል። ይህ ለእስራኤል ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 2022 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዩክሬን ጦርነት ላይ ሆና ከሕዝብ 439 ነጥብ አግኝታለች። እስከ ዛሬ እሱን የበለጠ የለም። ዳኞች ያስቀመጧት 4ኛ ላይ ነበር። ያኔ ሕዝቡ አሸነፈ፤ ዘንድሮ ዳኛው።

ደግሞ ዘንድሮ ብቻ አይደለም። 2023 ሊቨርፑል ላይ ሕዝቡ የመረጠው የፊንላንዱን ካሪያን ነው፤ 376 ነጥብ ሰጥቶት። ያሸነፈችው ግን የስዊድኗ ሎሪን ናት። 2024 ማልሞ ላይ ሕዝቡ ክሮኤሺያን አለ፤ ዋንጫውን የስዊዘርላንዱ ኔሞ ወሰደ። ሦስት ዓመት በተከታታይ መሆኑ ነው። ቁጣህ ይገባኛል።

ግን ዳኛ የሌለበት ጊዜም ነበር። የስልክ ድምፅ በ1997 በጥቂት አገሮች ተሞከረ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ዳኛውን ጠራርጎ አስወጣው። ውጤቱ ምን ሆነ? ጎረቤት ለጎረቤት። ግሪክ ለቆጵሮስ 12፣ ቆጵሮስ ለግሪክ 12። ስደተኛው ለትውልድ አገሩ። ለገዛ አገርህ ድምፅ መስጠት ክልክል ነው፤ ውጭ ስትኖር ግን ይቻላል። ማጉረምረሙ ሲበዛ በ2009 ዳኞቹ ወደ ፍጻሜው ተመለሱ፤ ግማሽ በግማሽ ተባለ።

እኔን ከጠየቅኸኝ ዳኞቹ ይኑሩ። ቅዳሜ ማታ ይዳኙ። የሕዝቡ 20 ድምፅ ግን ብዙ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«እትዬ፣ እናትዎ ማንን መረጡ? ባለፈው ስለ ሠርግ ዘፋኞች የሰጡት አስተያየት ቤታችንን በሳቅ ገድሎታል።»
ሁለት እህትማማቾች፣ ከማራኪ

እናቴ የደምቢያ ሰው ናት። ድምፅ ታውቃለች፤ ማንንም አትምርም።

ጄጄ ሲጀምር ከወገቧ ቀና አለች። የሚዘፍነው በጣም ቀጭን በሆነ የኦፔራ ድምፅ ነው። «ይቺ ልጅ…» ብላ ጀመረች። የእህቴ ልጅ «ወንድ ነው አያቴ» አላት። አላመነችም። መነጽሯን አስመጣች። መድረኩ ጥቁርና ነጭ ሆኗል። ልጁ ትንሽ ጀልባ ላይ ነው፤ ማዕበል ይንጠዋል። «ምን ሞቶበት ነው?» አለች። «የወደዳት ሰው አልወደደችውም» አልናት። «እና ለዚህ ነው?» አለችና ዝም ብላ ሰማችው። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ድንገት ዳንኪራ ይሆናል። እዚያ ጋ ተናደደች። «ያን የመሰለ ልቅሶ አበላሸው» አለች። ያም ሆኖ አንደኛ ያለችው እሱን ነው። ከአውሮፓ ዳኞች ጋር የተስማማችው በዚህ ብቻ ነው።

የኢስቶኒያውን ግን ጠምዳ ያዘችው። ዘፈኑ ስለ ኤስፕሬሶ ማኪያቶ ነው፤ በተሰባበረ ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ። ማኪያቶ የሚለውን ቃል ስትሰማ «ምን አለ?» አለች። ፒያሳ ካፌ ገብታ የምታዝዘው እሱን ነው። «ስለ ማኪያቶ ዘፍኖ ነው ሦስተኛ የሚወጣው?» ጣሊያን ውስጥም የተቆጡ ነበሩ፤ አፌዘብን ብለው። የእናቴ ቁጣ ግን ሌላ ነው። «ቡና የኛ፣ ዘፈኑ የሱ» አለች። እኔ በበኩሌ ልጁን ወድጄዋለሁ። እግሩ አጥንት ያለው አይመስልም።

ለማሸነፍ በአወራራጆች ዘንድ ቀዳሚ የነበሩት ስዊድኖች ናቸው። ካይ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ስለ ሳውና ዘፈኑ። ስዊድንን ወክለው ቢቆሙም ሰዎቹ ስዊድንኛ የሚናገሩ ፊንላንዳውያን ናቸው። 4ኛ ወጡ። እናቴ በነሱ ጊዜ ሻይ ልታፈላ ተነስታ ነበር፤ አስተያየት የላትም።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አውስትራሊያ ከገባች ኢትዮጵያ ለምን አትገባም? እስራኤልስ አውሮፓ ናት እንዴ?»
ከአውቶፓርኮ

ውድድሩ የአገሮች ይባል እንጂ የጣቢያዎች ነው። የሚገቡት የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ሙሉ አባል የሆኑ ጣቢያዎች ናቸው። አባል ለመሆን ደግሞ የአውሮፓ የስርጭት ክልል በሚባለው ውስጥ መሆን ወይም የአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገር መሆን ያስፈልጋል። ክልሉ ከአውሮፓ ካርታ ይሰፋል። በምሥራቅ እስከ 40 ዲግሪ ኬንትሮስ፣ በደቡብ እስከ 30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ይደርሳል። የሜዲትራንያን ጠረፍ አገሮች በዚህ ይገባሉ። እስራኤል ከ1973 ጀምሮ ያለችው ለዚህ ነው። ሞሮኮም በ1980 አንድ ጊዜ ተወዳድራለች፤ 7 ነጥብ አገኘች፤ ሰባቱንም የሰጠቻት ጣሊያን ናት። ከዚያ አልተመለሰችም። አውስትራሊያ ግን በልዩ ግብዣ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ።

አሁን ካርታ አውጣ። ጎንደር በምሥራቁ መስመር ብትለካ ውስጥ ናት፤ ያለችው 37 ተኩል ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያስቀራት የደቡቡ መስመር ነው። እኛ 12 ዲግሪ ላይ ነን፤ 30 ያስፈልጋል። ግብፅም ቢሆን የምትገባው በሰሜን ጫፏ ነው።

አገሪቱ አትግባ እንጂ ሰው መግባት ይችላል። ውድድሩ የዘፋኙን ዜግነት አይጠይቅም። ካናዳዊቷ ሴሊን ዲዮን በ1988 ስዊዘርላንድን ወክላ አሸንፋለች፤ ብሪታንያን በአንድ ነጥብ በልጣ። ስለዚህ ድምፅ ካለህ አንድ የአውሮፓ ጣቢያ ፈልግ።

«ዘፈኑ በእውነት ላይቭ ነው? ወይስ አፋቸውን ነው የሚያንቀሳቅሱት?»
ከቀበሌ 18

ዋናው ድምፅ ላይቭ ነው። መሣሪያው ግን በሙሉ የተቀዳ ነው። ጊታር የያዘው ሰው እያስመሰለ ነው፤ ከበሮ መቺውም። ድሮ ትልቅ ኦርኬስትራ ነበር፤ ከ1999 ጀምሮ ቀረ። ሙዚቃ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ያንገበግበኛል። አንድ የጎንደር አዝማሪ እዚያ መድረክ ላይ ማሲንቆውን ይዞ ቢወጣ ዘፈኑን እንጂ ማሲንቆውን እንዲሰማ አይፈቀድለትም። ጭራውን በባዶ ማሸት ነው ሥራው።

ሌላም አለ። ዘፈን ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። መድረክ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። በ3 ደቂቃ የኛ አዝማሪ ገና ቤቱን «እንዴት አመሻችሁ» ብሎ አልጨረሰም።

«ልጄ፣ መጽሔታችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ። የጎንደር ሰው ሆነሽ፣ ስንት የሚጻፍ የአገር ጉዳይ እያለ፣ የፈረንጅ እርቃን ለእርቃን ዝላይ ገጽ ሙሉ መያዙ አያሳፍርሽም? የራሳችን ቅኝት፣ የራሳችን ዘፋኝ የለም?»
አንድ አባት፣ ከአራዳ

አባቴ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። «ልጄ» ብለው መጀመርዎ ቁጣውን አቅልሎልኛል።

ስለ ልብሱ ክርክር አልገጥምዎትም። እናቴም አንድ ሁለቴ ቻናሉን አስቀይራናለች። የራሳችንንም አልተውኩም። ፋና ላምሮትን ቤታችን ቁጭ ብሎ ያያል፤ እዚያም ዳኛና ሕዝብ ሲጣሉ አይቻለሁ። ይህ አምድ ግን የአንባቢ ነው። አንባቢ የጠየቀውን እመልሳለሁ። ዘንድሮ ስለ ትዝታና ባቲ የጠየቀኝ ሰው አንድም የለም። እርስዎ ይጠይቁኝ፤ በደስታ ሁለት ገጽ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ግን ይፍቀዱልኝ። ይህ የፈረንጅ ብቻ ነው ባሉት መድረክ ላይ የኛ ደም ያላቸው ልጆች ቆመዋል። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ያንብቡልኝ።

«አማርኛ በዩሮቪዥን ተዘፍኖ ያውቃል? ጓደኛዬ አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ዘፍናለች ይለኛል። ተወራርደናል።»
ከወለቃ መንገድ

ውርርዱን ማን እንደበላ ለመናገር ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል።

ልጅቷ ኤደን አለነ ናት። የተወለደችው ኢየሩሳሌም ነው፤ ቤተሰቦቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በ2020 እስራኤልን እንድትወክል ተመረጠች። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ደም ያለው ሰው እስራኤልን ወክሎ አያውቅም ነበር። ዘፈኗ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና አማርኛ ያለበት ነው። ርዕሱ ራሱ «ፍቅር ልቤ» ይላል። እኔ ያኔ ስሰማው ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሽንኩርቱ አረረ።

ግን የ2020 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ዘፈኑ ከመድረክ ሳይደርስ ቀረ። በሕጉ ለሚቀጥለው ዓመት ማሻገርም አይቻልም። በ2021 ሮተርዳም ላይ ሌላ ዘፈን ይዛ ቀረበች፤ በእንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ ጣል ጣል ያለበት። ፍጻሜ ደርሳ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። መጨረሻው ላይ ያወጣችው ቀጭን ድምፅ ጆሮ አይችለውም፤ የውድድሩ ከፍተኛ ድምፅ ተብሎ ተወርቶለታል።

ስለዚህ ጓደኛህ «ዘፍናለች» ሲል ልክ ነው፤ ኤደን በመድረኩ ዘፍናለች። «በአማርኛ» ካለ ግን ተበልቷል። አማርኛው በቪዲዮ ቀርቷል። ብሩን ተካፈሉ።

ደግሞ ያ የሮተርዳም ፍጻሜ ሌላም ሐበሻ ነበረው። ሰኒት የምትባለው ዘፋኝ ሳን ማሪኖን ወክላ ወጣች። ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ የተወለደችው ጣሊያን ነው። ከአሜሪካዊው ራፐር ፍሎ ራይዳ ጋር ዘፍና 22ኛ ሆነች። ሁለት የኛ መልክ ያላቸው ሴቶች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መድረክ። እዚህ ማንም አላወራም።

ወለቃ መንገድ ዳር ከሆንክ ታውቀዋለህ። እዚያ መንደር የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 ሄደዋል። የሸክላው ሥራ ለቱሪስት ይሸጣል። ሰው ሲያልፍ ስለ ሸክላው ይጠይቃል፤ ስለ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን የሚጠይቅ የለም። እነሱ ደግሞ አሁን በቴሌቪዥን ይታያሉ።

«በሚቀጥለው ዓመት ከጎንደር ድምፅ መስጠት ይቻላል? በቴሌብርስ?»
ቸኩያለሁ፣ ከፒያሳ

በቴሌብር አይሆንም። በሌላ መንገድ ግን ይቻላል። ከ2023 ጀምሮ ከማይሳተፉ አገሮች የሚመጣ ድምፅ «የተቀረው ዓለም» ተብሎ ይሰበሰባል። ሁሉም ተደምሮ እንደ አንድ አገር ይቆጠራል። ጎንደርም፣ ናይሮቢም፣ ቶኪዮም በአንድ ቅርጫት ውስጥ ናቸው። ድምፁ የሚሰጠው በውድድሩ ድረ ገጽ ነው፤ ክፍያው ዩሮ ነው፤ በባንክ ካርድ። ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው ተራ የኤቲኤም ካርድ ለዚህ አይሆንም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል።

ከባዝል ቀጥሎ የ2026ቱ ተራ የኦስትሪያ ሆነ። የተመረጠችው ከተማ ቪየና ናት። ካርዱን ካገኘህ የእናቴን ምርጫ ጨምርልኝ፤ እሷ ለአንድ ዘፈን ብር አትከፍልም።